የአንድ ሰው ታንኳ

እናቴ ካኑዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው መኪናዬ ጣሪያ ላይ ታስሮ ከአፓርታማችን ፊት ለፊት ቆሞ ነው። ነጠላዋን እያስተካከለች ሁለት ጊዜ ዞረችውና፣ «ስንት ሰው ይይዛል?» አለችኝ።

«አንድ።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ፣ እማዬ።»

ዝም አለች። የእናት ዝምታ ምን ያህል እንደሚናገር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከዚያ፣ «በሠላሳ አራት ዓመትሽ፣ ሰው ቤት ሲገዛ፣ አንቺ የአንድ ሰው ጀልባ ትገዢያለሽ?» ብላኝ ወደ ውስጥ ገባች።

ያልተናገረችውን ሁለታችንም ሰምተነዋል። ያላገባች ሴት ሠላሳን ካለፈች በየሠርጉ «ለአንቺም ያድርግልሽ» መባልን ትለምዳለች። እኔም ለምጄ «አሜን» እላለሁ። ይሁን እንጂ ይህ ጽሑፍ ስለ ትዳር አይደለም። ስለ ካኑ ነው፤ እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንዴት እንደሚቀዘፍ፣ በእርሱም ሰበብ ባለፈው ክረምት፣ ማለትም እዚህ በጋ በሚሉት ወራት፣ በወጣቶቻችን ላይ ስላደረስሁት ነገር ነው።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። የመኪኖቻችን ታርጋ ላይ «10,000 ሐይቆች» ተብሎ ይጻፋል። እዚህ የመጣሁት በ13 ዓመቴ ከባሕር ዳር ስለሆነ ውኃ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ የሆነብኝ ሰዎች ለሥራ ሳይሆን ለደስታ ብለው ሲቀዝፉ ማየት ነው። ካኑ ሁለቱም ጫፉ የሾለ፣ ላዩ ክፍት የሆነ ጠባብ ጀልባ ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ ሰሌዳ ባለው መቅዘፊያ ይቀዘፋል። በአማርኛ ታንኳ ብንለው አያሳፍርም። መጽሐፍ ቅዱሳችን የጴጥሮስንም ጀልባ ታንኳ ስለሚለው፣ ልጅ ሆኜ ጴጥሮስን የማየው ጣና ላይ ደንገል በተጠፈረ ታንኳ ተቀምጦ ነበር። በ1986 በገሊላ ባሕር ጭቃ ውስጥ የተገኘው ጥንታዊ ጀልባ ከስምንት ሜትር በላይ ርዝመት እንዳለው ያነበብሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። በልቤ ያለው ሥዕል ግን እስካሁን አልተቀየረም።

ካኑ የጀመርሁት ከመዘምራን ጓደኛዬ ጋር ነው። ገንዘብ አዋጥተን አንድ አሮጌ የአሉሚኒየም ካኑ ገዛን። ርዝመቱ 17 ጫማ፣ ክብደቱ ወደ 70 ፓውንድ፣ ማለትም 32 ኪሎ ግድም ነው። ሰባት ዓመት አብረን ቀዘፍን። እርሷ ከኋላ፣ እኔ ከፊት። ለሁለት ሰው በተሠራ ካኑ መንገዱን በዋናነት የሚይዘው ከኋላ የተቀመጠው ነው፤ የፊተኛው ጉልበት ይሰጣል። ስለዚህ ሰባት ዓመት ሙሉ ውኃ ላይ ስሄድ አንድም ቀን አቅጣጫ ይዤ አላውቅም ነበር። ይህን ያወቅሁት ጓደኛዬ አግብታ ዳላስ ከገባች በኋላ ነው። ሚዜዋ ነበርሁ። ሠርጉ ባለፈ በሦስተኛው ሳምንት ያንን አሉሚኒየም ብቻዬን ወደ ብዴ ማካ ስካ ሐይቅ ወሰድሁት።

የሆነውን ልንገራችሁ። እንደ እርሷ ከኋላ ተቀመጥሁ። ካኑው በእኔ ክብደት ኋላው ወደ ውኃ ሰመጠ፤ ፊቱ ወደ ሰማይ ቀና አለ። ትንሽ ነፋስ መጣና ያንን የተንጠለጠለ አፍንጫ ገፋው። ወደ ግራ ስቀዝፍ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ስቀዝፍ ወደ ግራ፣ በመጨረሻም ጭራሽ ክብ ሠራሁ። ዳር ላይ ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ሽማግሌ እጁን በአፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፤ «ገልብጪው! ፊትሽን ወደ ኋላ አድርገሽ በፊተኛው ወንበር ተቀመጪ!» ነገሩ እውነት ነው። የፊተኛው ወንበር ከጫፉ ይልቅ ለመሐሉ ቅርብ ስለሆነ፣ ካኑውን አዙሮ ኋላውን ፊት ማድረግ ክብደትን ወደ መሐል ያመጣል። ከፊት ለፊቱ አንድ ድንጋይ ወይም ውኃ የሞላ ጀሪካን ቢጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይስተካከላል። ረድቶኛል። ነገር ግን የካኑው ወገብ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ነበረው። ከመሐል ሆኜ ውኃውን ለማግኘት በአንድ ጎን ተንጋድጄ መዘርጋት ነበረብኝ። ከሐይቁ ስወጣም ያን 32 ኪሎ ብቻዬን መኪና ላይ መስቀል አልቻልሁም፤ ያው ሽማግሌ ነው ያገዘኝ።

አባቴ በሕይወት ሳለ ስለ ታንኳ ሲያወራ ደስ ይለው ነበር። ልጅነቱ ዘጌ አካባቢ ነው። ትልቁ ታንኳ ማገዶና እህል ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይመጣል፤ ትንሹ ዓሣ አጥማጁን ብቻ ይይዛል። ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ስለዚህ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ያም ሆኖ ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ በአዲስ ይተካል። «ታንኳ እንደ ጫማ ነው» ይል ነበር አባቴ፤ «በሰው እግር ሲሉህ አትግዛ።» ታንኳ የሚሠሩትን ወይጦዎችን አካባቢው ይንቃቸው እንደነበር፣ እርሱ ግን በውኃ ላይ የሚያውቀውን ሁሉ የተማረው ከእነርሱ እንደሆነ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ይል ነበር። ይህን በሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ።

እንግዲህ ጫማ ልግዛ ብዬ ተነሣሁ። አንድ በጋ ሙሉ በኪራይና በመሞከር አራት የአንድ ሰው ካኑዎች ቀየርሁ። ከዚያ የተማርሁትን እነሆ።

አጭር ካኑ፣ ማለትም 12 ወይም 13 ጫማ የሆነው፣ በቀላሉ ይዞራል፤ ለጠባብ ወንዝና ለትንሽ ኩሬ ጥሩ ነው። ረጅሙ፣ 15 እና 16 ጫማ የሆነው፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ በአንድ ምትም ረጅም ይንሸራተታል። የታችኛው ቅርጽ ደግሞ ሌላ ነው። ካኑውን ሣር ላይ አስቀምጣችሁ ከጎን እዩት። ሆዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሬት ከነካ ቀጥ ብሎ መሄድ የሚወድ ነው። ሁለቱ ጫፎች እንደ ሙዝ ወደ ላይ ቀና ካሉ ደግሞ መዞር የሚወድ ነው። ለሐይቅ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ጠመዝማዛ ወንዝ የሚወርድ ሁለተኛውን ይምረጥ። ስፋቱ ከ70 እስከ 76 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን መቅዘፊያው ሳንጋደድ ውኃ ይደርሳል። ጀማሪ ሁሉ የሚፈራው ጠባቡ ካኑ ሲገባበት መወዛወዙን ነው። እኔም የመጀመሪያውን ቀን «ይህ ይገድለኛል» ብዬ ነበር። ግን ሁለት ዓይነት መረጋጋት አለ። ጠፍጣፋ ሆድ ያለው በረጋ ውኃ ላይ እንደ ጠረጴዛ ይቆማል፤ ማዕበል ሲመጣ ግን ከማዕበሉ ጋር ይጋደላል። ክብ ሆድ ያለው ሲገቡበት ይርገበገባል፤ ዘንበል ሲል ግን አንድ ቦታ ላይ ይይዛችኋል። በሱቁ ወለል ላይ የሚያምር ሁሉ በነፋስ አያምርም።

ቁሱን በተመለከተ ምርጫው በኪሳችሁና በትከሻችሁ መካከል ነው። አሉሚኒየም አይሞትም፤ ግን ይከብዳል፣ ድንጋይ ሲነካም እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይጮኻል። ፕላስቲኩ ርካሽ ነው፣ እርሱም ከባድ ነው። ለብዙ ዓመት ሰው የሚወደው ሮያሌክስ የሚባል ቁስ ነበረ፤ ፋብሪካው በ2014 ማምረት ስላቆመ አሁን የሚገኘው ያገለገለ ብቻ ነው። ኬቭላር ውድ ነው። ይህ ቁስ ጥይት የማይበሳው ሰደርያ የሚሠራበት ነው፤ የፈጠረችውም በ1965 ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ የምትሠራ ስቴፋኒ ክዎሌክ የምትባል ኬሚስት ናት። ኬሚስትሪ ምን ያደርግልኛል ለምትሉኝ ልጆቼ ይህን ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። እኔ 54 ኪሎ ነኝ። ያገለገለ፣ 15 ጫማ፣ 17 ኪሎ የማይሞላ የኬቭላር ካኑ አግኝቼ ለአንድ ዓመት ያጠራቀምሁትን ከፈልሁ። ብቻዬን አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አደረግሁት። በመሐሉ ለትከሻ የሚሆን ተሻጋሪ እንጨት አለው፤ እንግሊዝኛውም አማርኛውም ያው ቀንበር ነው።

ትንሽ ሰው ትንሽ ጀልባ ይገባዋል የሚለውን ነገር ከእኔ በፊት በደንብ የተረዳው ጆርጅ ዋሽንግተን ሲርስ የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ ነው። ከ50 ኪሎ ብዙም የማይበልጥ፣ ሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ነበር። የካኑ ሠሪው ሄንሪ ራሽተን 9 ጫማ ርዝመት ያለውና 10 ፓውንድ ተኩል፣ ማለትም አምስት ኪሎ እንኳ የማይሞላ ካኑ ሠራለት። በ1883፣ በ61 ዓመቱ፣ በኒውዮርክ የአዲሮንዳክ ሐይቆች በዚያች ካኑ ብቻውን ተጓዘ። ካኑዋ እስካሁን በሙዚየም አለች። እኔ እርሷን ሳስብ የሚገርመኝ ትንሽነቷ አይደለም። ለዚያ ሰው ልክ ሆና መሠራቷ ነው።

አሁን ወደ መቅዘፉ ልምጣ። ብቻውን ያለ ሰው ዋና ችግር ይህ ነው፤ በቀኝ ስትቀዝፉ ካኑው ወደ ግራ ይዞራል። የሚያርምላችሁ ሰው የለም። መፍትሔው ሦስት ነው። አንደኛው ስድስት ስምንት ጊዜ በአንድ ጎን ቀዝፎ ወደ ሌላው ጎን መቀየር ነው፤ ፈጣን ነው፣ ግን ውኃ ጭናችሁ ላይ ይንጠባጠባል። ሌላው ሁለት ጫፍ ያለውን የካያክ መቅዘፊያ መያዝ ነው፤ ለጀማሪ ቀላል ነው፣ በነፋስም ይረዳል፣ የሚሳለቁባችሁን አትስሙ። ሦስተኛው «የጄ ምት» የሚሉት ነው፤ መቅዘፊያው በውኃ ውስጥ የሚሠራው መስመር የእንግሊዝኛውን ጄ ፊደል ስለሚመስል ነው። መቅዘፊያውን ከፊታችሁ ትሰኩታላችሁ፤ በክንድ ሳይሆን በወገብ ትስቡታላችሁ፤ ዳሌያችሁ ጋ ሲደርስ የላይኛው እጃችሁ አውራ ጣት ወደ ታች እስኪያመለክት ታዞሩትና ሰሌዳውን በቀስታ ወደ ውጭ ትገፉታላችሁ። አውራ ጣት ወደ ታች! ጀማሪ ሁሉ ወደ ላይ ያዞረዋል፤ ያም ያርማል፣ ግን ካኑውን እንደ ፍሬን ይይዘዋል። ይህን ነገር እጄ ሳያስበው እስኪሠራው ድረስ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። በማዕበል ጊዜ ደግሞ ከወንበሩ ወርዶ መንበርከክ ነው፤ ክብደት ወደ ታች ሲወርድ ካኑው ይረጋል። ጉልበቴ ለጸሎት የለመደ መስሎኝ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እግሬ የእኔ መሆኑን ረሳሁ።

ሲሳካ ምን እንደሚመስል ለመግለጽ ይቸግረኛል። ማለዳ፣ ጭጋጉ ገና ከውኃው ሳይነሣ፣ መቅዘፊያው ሲወጣ የሚንጠባጠበው ብቻ ይሰማል። ማንም «በግራ ቅዘፊ» አይልም። ማንም «መቼ ነው?» አይልም። ሕይወቴ በሙሉ ሰው የሞላበት ነው፤ ቤቱ፣ ሥራው፣ ቤተ ክርስቲያኑ። ያ ዝምታ ጣፈጠኝ። ከመጠን በላይ ጣፈጠኝ ብል ይሻላል።

ባለፈው ነሐሴ ስድስት ሆነን ወጣቶችን ይዘን እንውጣ ተባለ፤ ኋላ ሰባት ሆንን። የሄድነው ከካናዳ ድንበር ጋር ወደሚገናኘው ባውንደሪ ዋተርስ ነው። ከሺህ በላይ ሐይቆች ያሉበት የተከለለ ምድር ነው። በአብዛኛው ሐይቅ ላይ ሞተር ክልክል ነው። ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው የሚታለፈው ካኑ ተሸክሞ በእግር ነው፤ የመንገዱም ርዝመት የሚለካው «ሮድ» በሚባል የድሮ መለኪያ ነው፤ አንዱ ሮድ አምስት ሜትር ያህል ነው። አንድ ቡድን ከ9 ሰውና ከ4 ጀልባ መብለጥ አይችልም። የቆርቆሮና የጠርሙስ ምግብ ክልክል ነው። ይህን ሲሰሙ አንዳንድ ወላጆች ልጆቻችን በረሃብ ያልቁ ይሆን ብለው ደነገጡ። እኛ ግን በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮና ድርቆሽ የሚባል በረከት ያለን ሕዝብ ነን። ጫካ ውስጥ በጋዝ ምድጃ የተሠራ የድርቆሽ ፍርፍር ያልበላ ሰው ካምፕ ወጥቻለሁ አይበል።

ሰባት ሰው፣ አራት ካኑ። ሦስቱ የሁለት ሰው፣ አንዱ የእኔ። ከእኔ ሌላ ትልቅ ሰው አንድ ወንድማችን ብቻ ነበር። ሰባተኛዋ ልጅ ከአዲስ አበባ ከመጣች አራት ወሯ ነው፤ 16 ዓመቷ ነው። ሌሎቹ በእንግሊዝኛ ሲሳሳቁ እርሷ ፈገግ ብላ ታያቸዋለች። እኔንም «ቲቸር» ትለኛለች፣ «እርስዎ» ትለኛለች፤ ስንት ጊዜ «አንቺ በይኝ» ብያት እምቢ አለች። የሁለት የሁለት ሲደለደሉ ማን ከእርሷ ጋር እንደሚሆን ጥቂት ዝምታ ነበር። አይቼዋለሁ። አይቼ ዝም አልሁ፤ በመጨረሻ ወንድማችን «ነይ ከእኔ ጋር» አላት።

በሁለተኛው ቀን ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚሆን ሐይቅ መሻገር ነበረብን። ጠዋት ውኃው መስታወት ነበር። የእኔ ካኑ ቀላል ነው፤ የእነርሱ የኪራይ አሉሚኒየም ነው። «ፊት ሆኜ መንገዱን ላሳያቸው» አልሁ። እንዲህ ነው ለራሴ ያልኋት። እውነቱ ግን የልጆቹ ጫጫታ ከጆሮዬ እስኪርቅ መቅዘፌ ነው። ሉን የሚባለው የውኃ ወፍ ሲያለቅስ ሰማሁ። ዞር ስል ሦስቱ ካኑዎች እንደ ክብሪት እንጨት ሆነው ታዩኝ። እጄን አውለበለብሁና የድንጋዩን አፍንጫ ዞርሁ።

ከዚያ ነፋሱ ተነሣ። ከምዕራብ፣ ከኋላዬ ነበርና መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ገፋኝ። ጥቂት ቆይቶ ነጭ አረፋ ያለው ማዕበል ሲመጣ ልጆቹ ትዝ አሉኝ። ለመመለስ ካኑውን አዞርሁ፤ አልዞር አለ። ፊቱን ወደ ነፋሱ ባዞርሁት ቁጥር ነፋሱ አፍንጫውን ይዞ ወደ ጎን ይጥለዋል፤ ጎኑን ለማዕበል ሲሰጥ ውኃ ይገባል። ሦስት ጊዜ ሞከርሁ። በአራተኛው ክንዴ ዛለ፤ ነፋሱ ወደ ወሰደኝ ዳር ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ዝናብ ልብስ ላውጣ ብዬ ቦርሳዬን ስከፍት የቡድናችን ካርታና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ እኔ ዘንድ እንዳሉ አየሁ።

ልጆቹን አላያቸውም። እነርሱም አያዩኝም። በዚያ ድንጋይ ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥሁ። የጸለይሁት ጸሎት ዓረፍተ ነገር አልነበረውም።

በኋላ ነው ጭንቅላቴ መሥራት የጀመረው። ካኑ በነፋስ ውስጥ እንደ ነፋስ ጠቋሚ ነው፤ የቀለለውን ጫፍ ነፋሱ ይወስደዋል፣ የከበደው ወደ ነፋሱ ይቀራል። ነፋስን ፊት ለፊት የምትሄዱ ከሆነ ፊቱ መክበድ አለበት፤ ከኋላ የሚገፋችሁ ከሆነ ኋላው። የእኔ ቦርሳ ከኋላዬ ነበር። ሱቅ ውስጥ ነግረውኛል፣ አንብቤዋለሁ፣ ለልጆቹም አስተምሬዋለሁ። ቦርሳውን ጎትቼ ወደ ፊት ጫፍ አሰርሁት፤ የውኃ ከረጢቱን ሞልቼ ከእርሱ አጠገብ አደረግሁ፤ እኔም ከወንበሩ ፊት ተንበረከክሁ። አፍንጫው ውኃ ነከሰ። ዳር ዳሩን ይዤ፣ በማዕበሉ መሐል ሳይሆን ከዛፎቹ ከለላ ሥር፣ አንድ ሰዓት ፈጅቶብኝ ተመለስሁ።

ወንድማችን አስተዋይ ሰው ነው። ነፋሱ ገና ሲጀምር ሁሉንም ከአንዲት ደሴት ጀርባ አውጥቷቸው ነበር። እሳት ነበረ። ከወንዶቹ አንዱ ካኑ ሲያወጣ ድንጋይ መዳፉን ቆርጦታል፤ አዲሲቱ ልጅ ሻሿን ቀድዳ አስራዋለች። ማንም አልተቆጣኝም። ወንድማችን «እግዚአብሔር ይመስገን። ሻይ አለ» ብቻ አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ሌሎቹ ወደ ድንኳን ሲገቡ ልጅቷ እሳቱ አጠገብ ቀረች። ዕቃ እያጠብሁ ነበር።

«ቲቸር፣ ብቻዎን መሆን ይወዳሉ አይደል?»

«አዎ፣ እወዳለሁ።»

«እኔ አልወድም» አለች። ከዚያም፣ ማንንም ሳትወቅስ፣ አባቷ ሁለት ሥራ እንደሚሠራ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እስከ ሌሊቱ ድረስ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን እንደሆነች፣ አንዳንዴ ድምፅዋን ለመስማት ብላ መዝሙር እንደምትዘምር ነገረችኝ። የጠዋቱ ዝምታ፣ የካኑ ድልድሉ፣ ፊቴ መጣ። እኔ በገንዘቤ የገዛሁትን ነገር እርሷ ሳትጠይቅ ተሰጥቷታል።

ስንመለስ መዳፉ የተቆረጠው ልጅ አባት ስልክ ደወለልኝ። አልጮኸም። «አደራ ነበር የሰጠሁሽ» አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን «ደኅና ናቸው እኮ» ባልሁት። አደራ ለሚለው ቃል ግን መልስ የለውም። ይቅርታ ጠየቅሁት። ለሽማግሌዎችም ሄጄ ከእንግዲህ ልጆቹን ይዤ ባልወጣ ይሻላል አልኋቸው። እነርሱ ተመካክረው በሌላ መንገድ መለሱልኝ፤ ትወጫለሽ፣ ነገር ግን የአንድ ሰው ካኑ ሁልጊዜ ከሁሉም ኋላ ይሄዳል፤ ካርታውና የእርዳታው ሣጥን በፊተኛው ካኑ ይሆናሉ። አሁን ሕጋችን ነው። ከኋላ ሆኖ ማየት ያልጠበቅሁት ነገር አለው። ማን እንደደከመ፣ ማን እንደተኳረፈ፣ የማን ላይፍ ጃኬት እንደተፈታ ይታያል። ቀላል ካኑ ስለሆነም ወደተፈለገው ቶሎ ይደርሳል።

በዚያ ሰሞን ስለ ጆን ማክግሬገር አነበብሁ። የስኮትላንድ ዘር ያለው የሕግ ባለሙያ ነው። በ1825 ገና የሳምንታት ሕፃን ሳለ በባሕር መሐል ከተቃጠለ መርከብ ከወላጆቹ ጋር የተረፈ ሰው ነው። በ1865 «ሮብ ሮይ» በሚላት 15 ጫማ በምትሆን ካኑ በአውሮፓ ወንዞችና ሐይቆች ብቻውን ተጓዘ፤ በቀጣዩ ዓመት ያሳተመው መጽሐፍ ካኑን በእንግሊዝ አገር ፋሽን አደረገው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ነበር፤ ሆኖም በመንገዱ ላገኘው ሰው የሚሰጠው መንፈሳዊ ጽሑፍ ይዞ ነበር፤ ለንደን ሲመለስ ደግሞ ለድሃ ልጆች ትምህርት ቤቶች የሚደክም ነው። ጀልባው የአንድ ሰው ቢሆንም ኑሮው የአንድ ሰው አልነበረም። ቀናሁበት።

ዘንድሮ በሰኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ፌለን ሐይቅ ላይ ልምምድ ጀመርን። አዲሲቱ ልጅ፣ አሁን አዲስ አይደለችም፣ በእኔ ካኑ መሞከር ፈለገች። «ብቻሽን አትወጂም ብለሽኝ አልነበር?» አልኋት። «እናንተ ዳር ላይ ካላችሁ ብቻዬን አይደለሁም» አለችኝ። ላይፍ ጃኬቷን እስከ ላይኛው ዘለበት አሰርሁላት። ከእኔ ስለምትቀል አንድ ጀሪካን ውኃ ሞልተን ፊቷ አስቀመጥን። ሃያ ሜትር እንደሄደች መዞር ጀመረች።

«ቲቸር! ይዞርብኛል፣ ምን ላድርግ? አንቺ፣ ንገሪኝ እንጂ!»

«አውራ ጣትሽን ወደ ታች!»

እናቴ በዚያ ቀን አብራን መጥታ ነበር። ሰው ሁሉ ሲሄድ ቤት ምን አደርጋለሁ ብላ፣ በፔርሙዝ ሻይ፣ በሳሕን ዳቦ ይዛ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ልጅቷ ክብ ስትሠራ ብዙ ጊዜ አየቻት። «ያቺ ልጅ ቀስ በቀስ ትችለዋለች» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ለእኔ የሚሆን የላችሁም?»

አሮጌው አሉሚኒየም መደርደሪያው ላይ ነበር። ሁለት ወንበር አለው። ላይፍ ጃኬቱን ከነጠላዋ በላይ አጠለቅሁላት፤ ነጠላውን አላወልቅም አለች። ከፊት አስቀመጥኋት፤ መቅዘፊያ ሰጠኋት። እኔ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከኋላ ያዝሁ። ከእኔ ትንሽ ስለምትከብድ ፊቱ ሰመጠ፤ ልጅቷ ከካኑዋ ወርዳ ጀሪካኑን አመጣችልንና ከወንበሬ ጀርባ አስቀመጠችው። ተስተካከለ።

«በየትኛው ጎን ልቅዘፍ?» አለች እናቴ።

«በወደድሽው ጎን፣ እማዬ። እኔ አርመዋለሁ።»